ከገቢያችሁ ስንት በመቶው ለቤት ኪራይ ይሄዳል? ካውንቲያችሁን ጠቅሳችሁ ጻፉ

ቆጣሪው (ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የኪራይ ውላችን ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አከራዩ ድርጅት በላከልን ደብዳቤ ከአዲሱ ውል ጀምሮ በወር 180 ዶላር እንደሚጨምር አስታውቋል። እስካሁን የምንከፍለው 2,100 ዶላር ነው፤ መብራትና ጋዝ ሌላ 160 ገደማ ይወስዳል። እኔና ባለቤቴ ሠርተን ግብር ሳይቀነስ በወር 6,400 ዶላር ያህል እናስገባለን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ዛሬ ከገቢያችን 35 በመቶው ለመጠለያ ይሄዳል። ጭማሪው ከጸና 38 በመቶ ይደርሳል።

ዘመድ ሁሉ ይመክረናል። አንዱ ወደ ፍሬድሪክ ውጡ ይላል፤ ሌላው ወደ ቨርጂኒያ ተሻገሩ ይላል፤ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ዳላስ ኑ ይለናል። የሚጠሩልን ግን የኪራዩን መጠን ብቻ ነው፤ እዚያ ስንት እንደሚገኝ፣ ከተገኘውም ምን እንደሚተርፍ የሚነግረን አላገኘንም።

ካውንቲዎችን ለማነጻጸር የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ የሚያወጣውን ጥናት ተመለከትሁ። ከ2018 እስከ 2022 ባለው መረጃ የሞንትጎመሪ መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ በዓመት ወደ 125 ሺህ ዶላር ነው። ኪራይን በወር 2,000 ዶላር ብለን ብናስብ በዓመት 24 ሺህ ይሆናል፤ ሲካፈል 19 በመቶ ማለት ነው። ቢሮው ራሱ ግን በሌላ ሰንጠረዥ የካውንቲው ተከራይ በመካከለኛ ግምት 30 በመቶ ያህሉን ለኪራይ እንደሚያወጣ ያሳያል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

እባካችሁ ካውንቲያችሁን፣ ኪራዩን ከመብራትና ከውሃ ጋር፣ ግብር ሳይቀነስ ያለውን ገቢ፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትኖሩና ሥራችሁ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፉልን። የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ለሌላውም ይጠቅማል።

ሰንጠረዥ አንባቢ (ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ነው። 19 በመቶ የሚለው ውጤት የመጣው የካውንቲውን ሕዝብ ሁሉ ገቢ ወስደህ በተከራዩ ኪራይ ላይ ስላዋልኸው ነው። በ125 ሺህ ውስጥ የፖቶማክና የቤተዝዳ ሀብታም ሰፈሮች የቤት ባለቤቶች፣ ጠበቆችና ሐኪሞች፣ የፌዴራል መንግሥት ከፍተኛ ሠራተኞች አሉበት። እነርሱ አብዛኞቹ ቤታቸውን ገዝተዋል፤ ኪራይ አይከፍሉም። የተከራዩ ገቢ ብቻውን ሲታይ ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ቢሮው 30 በመቶ ሲል የእያንዳንዱን ተከራይ ቤተሰብ ኪራይ በራሱ ገቢ አካፍሎ፣ ከዚያ በኋላ መካከለኛውን አውጥቶ ነው። የምትፈልገው ይህንኛውን ነው።

ይህ ስሕተት በየቦታው ይደጋገማል። ጎረቤታችን ሉዶን ካውንቲ በመላው አሜሪካ በመካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ለዓመታት ከፊት የተሰለፈ ነው፤ ከ170 ሺህ ዶላር በላይ። አንድ ሰው ያንን ቁጥር በኪራይ አካፍሎ «ሉዶን ኪራይ ርካሽ ነው» ብሎ ቢሄድ፣ በዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ እየጫነ ሉዶን ውስጥ የሚከራየውን ወገናችንን ይጠይቀው።

አሁን ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርመኝን ልጻፍ። ትክክለኛውን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ካውንቲዎችን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ በገቢ እጅግ የሚራራቁት ቦታዎች በኪራይ ድርሻ ይቀራረባሉ። ፌርፋክስ፣ የሲያትሉ ኪንግ፣ ዳላስ፣ የኮሎምበሱ ፍራንክሊን፣ ሁሉም በ30 ዙሪያ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ማያሚ-ዴድ ከባሱት አንዱ ነው። ታዲያ አንዱ ካውንቲ የሌላውን እጥፍ ገቢ እያገኘ ድርሻው ለምን ይመሳሰላል?

አንደኛው ምክንያት ኪራይ ገቢን ተከትሎ መውጣቱ ነው። ሁለተኛው የአከራዮች ማጣሪያ ነው፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ድርጅቶች ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ካልሆነ ማመልከቻህን አይቀበሉም። ሦስት እጥፍ ማለት 33 በመቶ ማለት ነው። ማጣሪያውን ያላለፈው ሰው ሌላ ካውንቲ ይሄዳል፣ ወይም ከዘመድ ጋር ይደረባል። ሦስት ሠራተኞች በአንድ አፓርትመንት ሲደረቡ ለቆጠራው አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ገቢያቸው ተደምሮ ኪራዩ 20 በመቶ ሆኖ ይመዘገባል። ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ ተከልሎ የሚያድረው ልጅ በሰንጠረዡ ላይ የተመቸው ሰው ነው።

ስለዚህ የአንድ ካውንቲ በመቶኛ ዝቅተኛ መሆኑ ብቻውን ኑሮው ቀላል ነው አያሰኝም። አቅም ያጠረው ሰው ቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

እናት በአሌክሳንድሪያ

እኔ የምኖረው በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ከተማው ካውንቲ ውስጥ አይደለም፤ በቨርጂኒያ ከተሞች ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ቆጠራው ግን እንደ ካውንቲ ይቆጥረዋል። ሁለት ልጆች ብቻዬን አሳድጋለሁ። በሳምንቱ የሥራ ቀናት ዲሲ ሆስፒታል ጽዳት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ። ሁለቱ ተደምሮ በወር 3,900 ዶላር ነው። ኪራዬ ከመብራቱ ጋር 1,950። ልክ ግማሹ።

ወንድሜ ሰንጠረዥ አንባቢ ያሉትን ማጣሪያ እኔ አላልፍም። አሁን ያለሁበት ቤት የገባሁት ከዓመታት በፊት ኪራዩ ዝቅ ባለ ጊዜ ስለሆነ ነው። ዛሬ ብወጣ ይኸው ቤት ለእኔ አይከራይም። ለዚህ ነው ጭማሪ በመጣ ቁጥር ፈርሜ የምቀመጠው። ሰው «ለምን ወደ ርካሽ ቦታ አትሄጅም» ይለኛል፤ ርካሹም ቦታ ሦስት እጥፍ አሳዪ ይላል።

በሜሪላንድ ያላችሁ ስለ ጭማሪ ጣሪያ ስታወሩ እሰማለሁ። በቨርጂኒያ ያ የለም። ከተማውም ካውንቲውም የክልሉ ምክር ቤት ያልሰጠውን ሥልጣን መጠቀም አይችልም፤ ኪራይ የመገደብ ሥልጣን ደግሞ አልተሰጠውም። ያለን ነገር ቢኖር ከአራት በላይ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት አከራይ ጭማሪውን ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት የሚለው ነው። ስልሳ ቀን ለዝግጅት ይረዳል፤ ገንዘቡን ግን አያመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። 30 በመቶ ስትሉ ለሁሉም ሰው አንድ አድርጋችሁ አትዩት። በወር 12 ሺህ የሚያገኝ ቤተሰብ 30 በመቶ ከፍሎ 8,400 ይቀረዋል። 4,000 የሚያገኘው 30 በመቶ ከፍሎ 2,800 ይቀረዋል። ልጆቹ እኩል ይበላሉ፣ እኩል ጫማ ይቀድዳሉ። እኔ ወር በወር የምቆጥረው ከኪራይ በኋላ በእጄ የሚቀረውን ነው። በመቶኛው ለእኔ ትርጉም የለውም።

ዳላስ ያለው

ቴክሳስ ኑ የሚሉትን ሰዎች ስለማውቅ፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ፣ ሁለቱንም ጎን እጽፋለሁ። ጋርላንድ ነው የምንኖረው፤ ዳላስ ካውንቲ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት 1,450 እከፍላለሁ። በበጋ የማቀዝቀዣው መብራት ሲደመር 1,650 ይገባል። ገቢያችን 5,200 ነው። ወደ 32 በመቶ።

ጥሩውን ልናገር። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ክልሉ የገቢ ግብር የለውም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም የራሳችን ሰው የሞላበት ነው። ላለፉት ዓመታት ብዙ አፓርትመንት ስለተገነባ አከራዮች ተከራይ ለመሳብ የመጀመሪያውን ወር በነጻ ሲሰጡ አይቻለሁ። በኦስቲን፣ በትራቪስ ካውንቲ፣ ኪራይ ከ2022 ከፍታው ወርዷል። ቤት ሲበዛ ዋጋ እንደሚረጋጋ በዓይናችን ያየነው ነው።

ሌላው ጎን ይኸውላችሁ። እዚህ ያለ መኪና መኖር አይቻልም፤ ባልና ሚስት በተለያየ ሰዓት ከሠሩ ሁለት መኪና ግድ ነው። የሁለቱ መኪና ዕዳ፣ ኢንሹራንስና ነዳጅ ለእኛ በወር 1,300 ነው። ከኪራዩ ጋር ሲደመር 2,950፤ ከገቢያችን 57 በመቶ ማለት ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ ያልተነካው የፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ቢከፍሉም ሠራተኛው የሚደገፍበት ሕግ የለም። ኪራይ ያቆየ ተከራይ ላይ አከራዩ የሦስት ቀን ማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማስያዣውም ላይ ጣሪያ የለም።

ስለዚህ ወንድሜ ቆጣሪው፣ ሥራ ሳትይዝ በኪራዩ ብቻ ተማርከህ አትምጣ። ሥራው ካለህ ና፤ እንቀበልሃለን።

ቆጣሪው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዳላስ ያለው ወንድማችን መኪናውን ስለደመሩልን የፍሬድሪኩን ነገር በዚያው መንገድ አሰላሁት። እዚያ 1,750 የሚሆን ቤት አይተናል፤ ከአሁኑ ኪራይ በ350 ዶላር ያንሳል። ሥራዬ ዲሲ መሀል ከተማ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከፍሬድሪክ ደርሶ መልስ 90 ማይል ያህል ነው፤ በወር ሃያ ቀን ብሠራ 1,800 ማይል። የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለ2025 ያወጣው የሥራ ጉዞ ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነው፤ ነዳጁን፣ ጎማውንና የመኪናውን ማርጀት ሁሉ ያካትታል። በዚያ ሲሰላ 1,260 ዶላር ይሆናል። አሁን የምሄድበትን የሜትሮ ወጪ ብቀንስለት እንኳ ፍሬድሪክ ያከስረናል። በዚያ ላይ በሁለት መቶ ሰባው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት የልጆቼ ነው።

ኬንት ነዋሪ (ኪንግ ካውንቲ፣ ዋሽንግተን)

እኛ ያንን ስሌት ሳንሠራ ነው ወደ ደቡብ የወጣነው። መጀመሪያ ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ሸለቆ ነበርን፤ ሱቁም፣ ቡና ቤቱም፣ ጸሎት ቤቱም በእግር ይደረስ ነበር። በ2009 ቀላሉ ባቡር ገባ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኞች መጡ፣ የእኛ ሰው ወደ ሬንተን፣ ወደ ታክዊላ፣ ወደ ኬንት ወረደ። ካውንቲው አንድ ነው፤ ኑሮው ግን በሰሜንና በደቡብ የተለያየ ነው። ስለዚህ «ኪንግ ካውንቲ ስንት በመቶ ነው» የሚለው ቁጥር የቤልቪውን መሐንዲስና የአውሮፕላን ማረፊያውን ሻንጣ ጫኝ አንድ ላይ ይዟል።

እኔ ሲታክ እሠራለሁ። የሲታክ ከተማ በ2013 በሕዝብ ድምፅ ለአውሮፕላን ማረፊያና ለሆቴል ሠራተኞች የሰዓት ክፍያን 15 ዶላር ያደረገች ናት፤ በ2025 ከ20 አልፏል። ባለቤቴም ትሠራለች፤ ሁለታችን በወር 7,800 እናገኛለን። ኪራይና መብራት 2,300። ከ30 በመቶ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ክፍያው ባይጨምር ኖሮ እዚህ አንኖርም ነበር።

ሕጉን ላልሰማችሁ፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ዋሽንግተን ስቴት ጭማሪ ላይ ጣሪያ አድርጓል። በዓመት 7 በመቶ ከዋጋ ግሽበት ጋር ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ዝቅ ያለው ነው። በመጀመሪያው አንድ ዓመት መጨመር አይቻልም፤ ማስታወቂያውም 90 ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች አይመለከታቸውም። አሥር በመቶ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ 400 ዶላር ሲጨመርባቸው የወጡ ጎረቤቶች ስለነበሩኝ ጣሪያው መኖሩን ትንሽ አላደርገውም።

ለአረጋውያን ደግሞ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ በሲያትል በሬኒየር ጎዳና ላይ ያስገነባው የመኖሪያ ሕንፃ አለ። አቅም ያነሳቸው አባቶችና እናቶች ከለመዱት ሰፈር ሳይርቁ ይኖሩበታል። ሌሎች ከተሞች ያላችሁ ማኅበራት ይህን አርአያ እንድታዩ አደራ እላለሁ።

ባለቤዝመንቱ (ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ)

እስካሁን የተከራይ ድምፅ ብቻ ስለሰማሁ የአከራይም ይሰማ። ቤት አለኝ፤ ታችኛውን ክፍል አከራያለሁ። ሰው አከራይ ሲል ትልቅ ኩባንያ ያስባል። እኔ ታክሲ ነድቼ የገዛሁት አንድ ቤት ነው ያለኝ። የንብረት ግብሩ ጨምሯል፣ ኢንሹራንሱ ጨምሯል፣ ቧንቧ ጠጋኝ አንድ ጊዜ ሲመጣ የሚጠይቀውን ታውቁታላችሁ። በ2021 በ3 በመቶ ወለድ ያልገዛ ሰው በ2023 ሰባት በመቶ አካባቢ ነው ያገኘው። ወጪው እንዲህ ሲወጣ ኪራዩ ባለበት ይቆይ ማለት ፍርድ አይደለም።

ካውንቲያችን በ2023 ጊዜያዊ የ3 በመቶ ጣሪያ አወጣ፤ በ2024 ደግሞ ቋሚ አደረገው፤ ከፍተኛው 6 በመቶ ነው። ጣሪያ ሲበዛ የሚገነባ ሰው ይሸሻል፤ የሚገነባ ሲጠፋ ደግሞ የሚጎዳው ያው ተከራዩ ነው።

እናት በአሌክሳንድሪያ

ባለቤዝመንቱ፣ የእርስዎን ድካም አልክድም፤ ለፍተው ያገኙት ነው። እኔም መጀመሪያ የተቀበለኝ የአገሬ ሰው ቤዝመንት ነው፤ ማስያዣ ሳይጠይቁኝ፣ ክሬዲት ሳያዩ አስገቡኝ። ያንን ውለታ አልረሳም። ግን ያለ ጽሑፍ ውል የሚያከራዩም አሉ። በክረምት «ዘመድ ሊመጣብኝ ነው» ተብሎ የወጣ ሰው ማስረጃ ስለሌለው የትም መክሰስ አይችልም። ለእርስዎም ለተከራይዎም ውል ይጻፉ፤ ካውንቲው የሚጠይቀውንም የማከራየት ፈቃድ ያውጡ።

የሴንት ፖሏ (ራምዚ ካውንቲ፣ ሚኔሶታ)

ጣሪያ ግንባታ ያሸሻል ወይ የሚለውን እኛ በሁለት ከተሞች መካከል ቆመን አይተነዋል። ሴንት ፖል በኅዳር 2021 በሕዝብ ድምፅ የ3 በመቶ ጣሪያ አጸደቀች፤ አዲስ የሚገነባውን ሕንፃ ጭምር ያካተተ ነበር። የግንባታ ፈቃድ ጠያቂ ወዲያው ቀነሰ። በ2022 ምክር ቤቱ አዳዲስ ሕንፃዎችን ለ20 ዓመት ከሕጉ ነጻ አደረገ። ከወንዙ ማዶ ሚኒያፖሊስ፣ ሄነፒን ካውንቲ፣ ጣሪያ ሳታደርግ ብዙ እንዲገነባ ደንቦቿን አላላች። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እንዳወጣው ከ2017 እስከ 2022 ኪራይ በሚኒያፖሊስ 1 በመቶ ብቻ ሲጨምር በቀረው ሚኔሶታ 14 በመቶ ጨምሯል።

ከዚህ ተነሥቼ ጣሪያ አያስፈልግም አልልም። ግንባታ ዓመታት ይወስዳል፤ ደብዳቤው የመጣበት ሰው ዓመታት የለውም። የሴንት ፖል ጉድለት አዲሱንና አሮጌውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጧ ነው። ሞንትጎመሪ በራሱ የጭማሪ ጣሪያ ሕግ አዲሱን ሕንፃ ለይቶ ነጻ ማድረጉ ከዚያ የተሻለ ይመስለኛል። የቀድሞ ተከራይ ሳይነቀል አዲስ ቤት መሠራት አለበት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ፌርፋክስ ጎዳና (ሎስ አንጀለስ ካውንቲ)

አጭር ነው የምጽፈው። 2,000 ኪራይ፣ 4,800 ገቢ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ እኔና ባለቤቴ። 42 በመቶ። በዚህ ካውንቲ ከተከራዩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ30 በላይ ይከፍላል፤ ስለዚህ ጉዳያችን ልዩ አይደለም። የሚያቆየን ሕንፃው ከጥቅምት 1978 በፊት የተሠራ መሆኑ ነው፤ ከተማው ለእነዚህ የራሱ ጣሪያ አለው። ለሌሎች አብዛኞቹ ከ15 ዓመት በላይ ለሆናቸው ሕንፃዎች ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ 5 በመቶ ከግሽበት ጋር፣ ቢበዛ 10 በመቶ ይላል። ራቅ ወዳለው ሳን በርናርዲኖ የሄዱ ጓደኞቼ ቤት ገዝተዋል፤ ከልጆቻቸው ጋር የሚገናኙት ግን እሑድ ነው።

ሰንጠረዥ አንባቢ

30 በመቶ ከየት መጣ ለምትሉ። በ1969 የማሳቹሴትሱ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ባስጸደቁት ማሻሻያ በመንግሥት ቤቶች የሚኖር ሰው ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ እንዳይከፍል ተደነገገ። በ1981 ወደ 30 ከፍ ተደረገ፤ የተደረገውም የፌዴራሉን ወጪ ለመቀነስ ነው። ከዚያ ወዲህ 30 የሁሉም ሰው መለኪያ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ያለው ጫና ያለበት፣ ከ50 በላይ ያለው ከባድ ጫና ያለበት ይባላል። የሃርቫርድ የቤቶች ጥናት ማዕከል እንዳስላው በ2022 በመላ አገሪቱ 22.4 ሚሊዮን ተከራይ ቤተሰቦች፣ ማለትም ግማሾቹ፣ ከ30 በላይ ይከፍሉ ነበር፤ 12.1 ሚሊዮኑ ከግማሽ ገቢያቸው በላይ።

ቁጥሩ ለበጀት የተቆረጠ ነው፤ ሰው ምን ቢቀረው ይኖራል ተብሎ አልተጠናም። እናት በአሌክሳንድሪያ ያሉት የሚቀረውን የመቁጠር መንገድ ለድሃ ቤተሰብ የበለጠ እውነት ነው። ሺካጎ ያለው የሰፈር ቴክኖሎጂ ማዕከል ደግሞ ኪራይና መጓጓዣ ተደምረው ከ45 በመቶ እንዳይበልጡ ይመክራል። በዚህ መለኪያ የዳላሱ 57 ከሞንትጎመሪው ከቆጣሪው የከፋ ነው፤ በኪራይ ብቻ ቢታይ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ሐዋላ ላኪዋ (አራፓሆ ካውንቲ፣ ኮሎራዶ)

አውሮራ ነኝ። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ አንድ ነገር አልተነሣም። እኔ ሁለት ኪራይ ነው የምከፍለው፤ አንዱ የራሴ፣ ሌላው የወላጆቼ፣ አዲስ አበባ። እዚያም አከራዩ በየጊዜው ሲጨምር ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያሳውቀው መጠን እንዲሆን ስላዘዘ ትንሽ ተንፍሰናል። ውላቸውን አስመዝግበናል፤ ወላጆች ያሏችሁ አስመዝግቡላቸው። የእኔ የራሴ 31 በመቶ ነው፤ የእነርሱ ሲደመር 38። ለየትኛውም የቆጠራ ቅጽ ይህን አልሞላሁም።

የቀድሞ ጎረቤት (ሞንትጎመሪ ካውንቲ)

ወንድሜ ቆጣሪው፣ ሁሉም ስለ መሄድ ሲመክሩህ ደብዳቤውን ማንም አልመረመረልህም። 180 በ2,100 ላይ 8.6 በመቶ ነው። በሞንትጎመሪ የኪራይ ማረጋጊያ ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ጣሪያው የግሽበቱ መጠን ሲደመር 3፣ ቢበዛ 6 በመቶ ነው። ከሐምሌ 2025 እስከ ሰኔ 2026 ያለው 5.7 በመቶ ነው። ለአንተ ወደ 120 ዶላር ይሆናል እንጂ 180 አይደለም።

የሚታዩ ነገሮች አሉ። ሕንፃው 23 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ነጻ ነው። ከሁለት የማይበልጥ የሚከራይ ቤት ያለው ግለሰብ አከራይም ነጻ ነው። ባለፈው ጊዜ ሳይጨምር ያስቀመጠው ድርሻ ካለ ያንን ጨምሮ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህ ከሌሉ ግን ወደ ካውንቲው ስልክ 311 ደውለህ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን ጠይቅ፤ በአማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት መብትህ ነው። ደብዳቤው 90 ቀን ቀድሞ መድረሱንም ቀኑን አይተህ አረጋግጥ። እስኪጣራ ድረስ ምንም አትፈርም፤ የአሁኑን ኪራይ ግን በወቅቱ ክፈል።

ቆጣሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሕንፃችን የ1960ዎቹ ነው፤ አከራዩም በርካታ ሕንፃዎች ያሉት ድርጅት ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ደውዬ ቅሬታዬን አስመዝግቤያለሁ፤ ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ ልኬያለሁ። ጭማሪው 120 ከሆነ 37 በመቶ ላይ እንሆናለን። ብዙ ነው፤ ግን ባለቤቴ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤታቸውን ይወዱታል። አንቀሳቀስም። በዚሁ ሕንፃ ያሉ ስድስት የአበሻ ቤተሰቦች ያው ደብዳቤ እንደደረሳቸው ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ ፈርመዋል። የፈረመ ሰው ጉዳዩን እንደገና ማንሣት ይችላል?

የቀድሞ ጎረቤት

ይችላል፤ መፈረሙ ከጣሪያው በላይ ያለውን ሕጋዊ አያደርገውም። ውላቸውንና የከፈሉበትን ማስረጃ ይዘው አብረውህ ያመልክቱ፤ የስድስት ቤተሰብ ቅሬታ ከአንድ ይከብዳል።

ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። ክልሉ ለተከራዮች በዓመት እስከ 1,000 ዶላር የሚመልስበት የግብር ድጋፍ አለ። 60 ዓመት የሞላቸው፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ ወይም ከዚያ ዕድሜ በታች ሆነው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ልጅ የሚያሳድጉ ያመልክቱ፤ መዝጊያው በየዓመቱ ጥቅምት 1 ነው፣ በእነርሱ አቆጣጠር። ከ2024 መኸር ጀምሮ የተፈረመ አዲስ ውል ላይም ማስያዣ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። በሞንትጎመሪ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ በአዳዲስ ግንባታዎች ውስጥ ለመካከለኛ ገቢ የሚለዩ ቤቶች አሉ፤ የሚከራዩም የሚሸጡም ናቸው። ማመልከቻውን በአማርኛ እያነበብን አብረን የምንሞላበት ቀን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ከታች ጻፉልኝ፣ አዳራሹን በዚያ መጠን እጠይቃለሁ።